የሚቀለው ገጀራ የትኛው ነው?

ወሎ ውስጥ ሐርቡ ላይ፣ የወፍ ቆሎ የተባለው ወራሪ ቁጥቋጦ ምንጣሮ ከመጀመሩ በፊት ለተሰበሰቡ ገበሬዎችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ብዙም ሳይነካ ተጽፏል።

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልን! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ዱበርቲዎቻችን፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? አዝመራው ገብቶ በልግ ሳይደርስ ያለችውን የዕረፍት ጊዜ ትታችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ቡናው እስኪፈላ ልጀምር።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ገጀራ አስቀምጫለሁ። ይህኛው ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ስስ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ። ይህ ደግሞ ከመኪና ባሌስትራ እዚሁ ወሎ የተቀጠቀጠ ነው። ሦስተኛው ይኸው፣ የሚያብለጨልጨው፣ ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ ያለው። አሁን ልጠይቃችሁ። ነገ ጠዋት ማሳችሁ ዳር የበቀለውን የወፍ ቆሎ ልትመነጥሩ ነው። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከዚያው የወጣውን ግራርና ክትክታ ለማገዶ ልትከትፉ ነው። ከሦስቱ የትኛውን ታነሣላችሁ?

ዐይናችሁ ባሌስትራው ላይ አረፈ። ገበያም ላይ እንዲሁ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ቆሞ ያስተዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ገዢው መጀመሪያ የሚያደርገው ገጀራውን ከፍ ዝቅ አድርጎ በእጁ መመዘን ነው። ከከበደው "ብረት ማለት ይህ ነው" ይላል፤ ከቀለለው መልሶ ያስቀምጠዋል። ወገኖቼ፣ ይህ ስሕተት ነው። ክንድ የሚጨርስ፣ ትከሻ የሚያሳምም፣ ሲውል ሲያድር እግር የሚያስመታ ስሕተት ነው። ገጀራውን ወደ ቅልጥም የሚሰደው የዛለ ክንድ ነውና።

ቀላል ገጀራ የምለው ከማለዳ እስከ ቀትር ተሠርቶበት ክንድ ያልዛለበትን ነው። ሚዛን ላይ የሚታየው ቁጥር የነገሩ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ክብደቱ የት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። የምናገረው ስለ አምስት ነገር ነው፦ ስለምንቆርጠው እንጨት፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ እጀታው፣ ስለ ስለቱ። ስለቱ ላይ ረዘም እላለሁ፤ አብዛኛው ችግር ያለው እዚያ ነው።

አንደኛ፦ ምን ልትቆርጡ ነው? ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ማሳችሁን ዙሩ። የወፍ ቆሎ ግንዱ ከአንድ አውራ ጣት እስከ ሁለት ጣት ቢወፍር ነው። ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ ይወጣል፣ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ሲመቱት ይሸሻል። የሚሸሽን ነገር የሚቆርጠው ምንድን ነው? ፍጥነትና ስለት ነው። ከባድ ብረት ለምጦ ያሳልፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ክትክታና ደደሆ ቀጫጭን ናቸው፣ ግን ጠንካሮች። አጋምና ቀጋ እጅ የሚያስገባ ክፍተት የላቸውም፤ ራቅ ብሎ የሚደርስ ስለት ይፈልጋሉ። እርጥብ ግራር ይቆረጣል፤ የደረቀ ወይራ ግን የስስ ገጀራን አፍ ይሸርፋል፤ እርሱን ለመጥረቢያ ተዉለት። ቅንጭብና ቁልቋል ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ወተቱ ዐይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። በአጭር ገጀራ ፊት ለፊት ቆሞ መምታት አይገባም።

ወሰኑን ግልጽ ላድርገው። ቀላል ገጀራ የሚቆርጠው እስከ እጅ አንጓ ውፍረት፣ ማለትም እስከ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ በላይ የወፈረ ግንድ የመጥረቢያ ሥራ ነው። ገጀራ የመጥረቢያን ሥራ ይሥራ ከተባለ ወይ ይወፍራል፣ ወይ ይሰበራል። የወፈረ እንደሆነ ለቁጥቋጦው አይሆንም። ስለዚህ አንድ ቀላል ገጀራና አንድ መጥረቢያ ያለው ቤት ምንም አይጎድለው። አንድ ከባድ ገጀራ ብቻ ያለው ቤት ግን ሁለቱንም ሥራ በደንብ አይሠራም።

ርዝመቱስ? ከእጀታው ወዲህ ብረቱን ብቻ ስንለካ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ለሣርና ለአገዳ ይመቻል፤ የተጠላለፈ ቁጥቋጦ ውስጥ ግን ይያዛል። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው እሾህ ውስጥ እጅ ያስከትታል። እኔ የምመክረው ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት ስንዝር ገደማ ነው። ገጀራውን ይዛችሁ ክንዳችሁን ቁልቁል ልቀቁት፤ ጫፉ የቅልጥም አጋማሽ ላይ ካረፈ ልካችሁ ነው።

ሁለተኛ፦ ክብደት። እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ፤ አብሽሩ፣ ቀላል ሒሳብ ነው። ብረት በአንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር 7.85 ግራም ይመዝናል። ርዝመቱ 45፣ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገጀራ እንውሰድ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብረቱ 353 ግራም ይሆናል። 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 530 ግራም። 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 883 ግራም። የእጀታውን 120 ግራም ያህል ጨምሩበት፤ ስሱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ ወፍራሙ አንድ ኪሎ ሆነ። ከሩቅ ሲታዩ እኮ ያው ናቸው! ልዩነታቸው የሦስት ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ይህን ግማሽ ኪሎ ልዩነት ክንዳችሁ ላይ አምጡት። ሰው ሲመነጥር በደቂቃ 20 ጊዜ ያህል ቢያነሣ በሰዓት 1200 ጊዜ አነሣ ማለት ነው። በወፍራሙ የሚሠራ ሰው በስሱ ከሚሠራው ይልቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ኩንታል ትርፍ ብረት አነሣ። ስድስት ኩንታል! ለምን? ሁለት ጣት ለማይሞላ ግንድ።

"ከባዱ ግን ሲያርፍ ይጎዳል" የሚል አለ። እውነት ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚመታን ገጀራ ክብደቱን እጥፍ ብታደርጉት የምቱ ኃይል እጥፍ ይሆናል። ክብደቱ ሳይነካ ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርጉት ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ቀላል ገጀራ ኃይሉን የሚያገኘው ከፍጥነት ነው። በአንጓ ወርወር የሚደረገው ምት ከዚህ ነው የመጣው።

ታዲያ ለምን 1 ሚሊ ሜትር አናደርገውም? ጥሩ ጥያቄ ነው። በጣም ስስ ብረት ወፈር ያለ እንጨት ውስጥ ሲገባ ይያዛል። የተቆረጠውን ሁለት ወገን ገፍቶ የሚከፍት ጎን የለውም፤ ይነክሳል፣ እዚያው ይቀራል፤ እናንተም ለማውጣት ስትወዘውዙት ይታጠፋል። እንጨት የሚከፍተው የብረቱ ውፍረት ነው። እንግዲህ ለምንጣሮ ብቻ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ማገዶም ለሚከትፍ 2.5፣ ቢበዛ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ3 በላይ አትሂዱ።

አሁን ወደ ቦታው። ተመልከቱ፣ ስሱን ገጀራ ጣቴ ላይ አጋድሜዋለሁ። ከእጀታው ፊት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ሚዛኑን ያዘ። ይህ ጥሩ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ባለው ውስጥ ከሆነ ለሁለቱም ሥራ ይሆናል። የባሌስትራውን ልሞክር። አያችሁት? አንድ ስንዝር ሊሞላ ነው፤ ጫፉ ይጎትታል። የሠራው ባለእጅ ውፍረቱን ከእጀታ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት አድርጎ ትቶታል። ከእጀታው ሥር 3 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ 2 ሚሊ ሜትር ቢያደርሰው ኖሮ ያው ብረት፣ ያው ርዝመት፣ ግን ሌላ ገጀራ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ክብደቱ የት እንዳለ ጠይቁ የምላችሁ።

ሦስተኛ፦ ብረቱ። ለገጀራ የሚሆን ብረት በውስጡ ከ0.5 እስከ 0.8 ከመቶ ካርቦን ያለው ነው። የመኪና ባሌስትራ 0.6 ከመቶ ገደማ አለው፤ ስለዚህ ባለእጆቻችን እርሱን መምረጣቸው ትክክል ነው። ገበያ ላይ ግን ከላሜራ ተቆርጦ የሚሸጥም አለ፤ ከቶንዲኖ፣ ከግንባታ ብረት፣ የተቀጠቀጠም አለ። እነዚህ ካርቦናቸው ትንሽ ነው፤ እሳት ውስጥ ቢገቡ፣ ዘይት ውስጥ ቢነከሩ አይጠነክሩም። ሲገዙ ይሳላሉ፣ ያምራሉ፤ አሥር ክትክታ ሳይቆርጡ አፋቸው ይጠቀለላል። ቀለም ተቀብቶ የተሸጠላችሁ ላሜራ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

በሞረድ። ሞረድ ይዛችሁ ገበያ ውጡ፤ ሻጩን አስፈቅዱና ከእጀታው አጠገብ፣ ስለቱ ላይ አንድ ጊዜ ግፉት። ሞረዱ እንደ ሚስማር ላይ እየበላ ከሄደ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ተዉት። መስታወት ላይ እንዳለ ከተንሸራተተ ከልክ በላይ ጠንክሯል፤ ድንጋይ ሲነካ ይሸረፋል፣ እሱንም ተዉት። ሞረዱ እየተቃወመ፣ እየጮኸ፣ ግን ትንሽ ትንሽ ከበላ ያ ነው የእናንተ ገጀራ። ግራይንደር ካለ ደግሞ ብልጭታው ይናገራል፤ ካርቦን ያለው ብረት ብልጭታው ጫፉ ላይ እንደ አበባ ይፈነዳል፣ ላሜራ ግን ረጅም ቀጥ ያለ ብልጭታ ነው የሚያወጣው።

ሁለተኛው ፈተና መለመጥ ነው። ጫፉን እንጨት ላይ አስደግፋችሁ ብረቱን ወደ ጎን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ግፉትና ልቀቁት። ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ደኅና ነው። ታጥፎ ከቀረ ለስላሳ ነው። ፊታችሁን አዙራችሁ አድርጉት፤ ከልክ በላይ የጠነከረ ብረት እዚሁ ላይ ሊሰበር ይችላል። ሦስተኛው፣ እጀታውን በሁለት ጣት አንጠልጥላችሁ ጀርባውን በብረት ነካ አድርጉት። የሚያስተጋባ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ፤ የታፈነ ከሆነ ስንጥቅ አለ፣ ወይም እጀታው ላልቷል።

ባሌስትራ ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ለዓመታት መኪና ተሸክሞ ሲለመጥ የኖረ ብረት ስለሆነ ዐይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ዘዴው ይህ ነው፦ ላምባ ቀቡት፣ ጥቂት ቆዩና ድርቅ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት በስሱ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ይወጣና ዱቄቱ ላይ ጥቁር መስመር ይሥላል።

ስለ ባለእጆቻችን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን ሆነ? ዛሬም ቀጥቃጩን ዞር ብለን የምናማ፣ ፊት ለፊት ደግሞ በዋጋ የምንከራከር አለን። እርሱ የምንነግረውን ያህል ነው የሚሠራልን። "ጠንካራ አድርግልኝ" ካልነው ወፍራም ያደርግልናል፤ ሌላ ምን ይስማ? ልኩን ንገሩት። ርዝመት 42፣ ስፋት 5፣ ከሥር 3 ሚሊ ሜትር፣ ከጫፍ 2 በሉት። ብረቱ ሲግል ማግኔት የማይስበው ደረጃ ከደረሰ በኋላ ትንሽ ጨምሮ አሙቆ ለብ ያለ ዘይት ውስጥ እንዲነክረው ለምኑት። በውኃ የተነከረ ባሌስትራ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። ዘይቱ የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ክዳኑ አጠገቡ፣ ከቤት ውጭ ይሁን፤ እሳት ይይዛልና።

ከነከረው በኋላ ሥራው አላለቀም። ብዙ ገጀራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተነከረ ብረት እንደ መስታወት ነው። ጀርባውን ወደ ፍሙ አድርጎ ቀስ ብሎ መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። የጸዳው ብረት ላይ ቀለም ሲሄድ ይታያል፦ መጀመሪያ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ጀርባው ሰማያዊ፣ አፉ ከቡናማ ወደ ወይን ጠጅ ሲል ከእሳቱ ይውጣ። እንዲህ የተሠራ ገጀራ አፉ ይጠነክራል፣ ጀርባው ይለመጣል። ለዚህች ግማሽ ሰዓት ሥራ ጨምራችሁ ክፈሉት። ትርፉ የእናንተ ነው።

የሚያብለጨልጨውን አልረሳሁትም። የማይዝግ ብረት ለወጥ ቤት ቢላዋ ደግ ነው፤ ረጅምና ስስ ሆኖ እንጨት ሲመታ ግን የመሰበር ዕድሉ ይበዛል። ጀርባው ላይ ያለው የመጋዝ ጥርስ ደግሞ እርጥብ እንጨት ውስጥ ይታፈናል፣ ብረቱን ያዳክማል፣ ፍልጥ ስትፈልጡ ጀርባውን በእንጨት መምታት አያስችልም፣ አፎቱንም ይቀዳል። ልጆች ይወዱታል፤ አትግዙላቸው።

አራተኛ፦ እጀታ፤ በአጭሩ። የብረቱ ጭራ እጀታውን ከዳር እስከ ዳር አልፎ የሄደ፣ በሦስት ሪቬት የተያዘ ይሁን። ጭራው አጭር ሆኖ እጀታ ውስጥ የተሰካ ከሆነ ከባድ ምት ላይ ብረቱ ብቻውን ይበራል። ጨብጣችሁት የመሃል ጣታችሁ ጫፍ መዳፋችሁን ሊነካ ጥቂት ከቀረው ውፍረቱ ልክ ነው። ከኋላው ትንሽ ቀንድ ያለው፣ ትንሿን ጣት የሚይዝ ይሁን። ወይራ ጥሩ እጀታ ይወጣዋል። ሪቬቱ ከእንጨቱ በላይ ወጥቶ የሚቧጭር ከሆነ በሞረድ አስተካክሉት፤ ውኃ የሚያቋጥረው እሱ ነው። ላብ የሚያንሸራትታችሁ ከሆነ ጎማ ውስጥ ከሚገባው ከመነዳሪ በቀጭኑ ቆርጣችሁ ወጥራችሁ ጠምጥሙበት። ማሰሪያ አድርጋችሁ አንጓችሁ ላይ ግን አታጥልቁ፤ ገጀራው ከእጅ ሲያመልጥ ከእናንተ ይርቅ ዘንድ ይገባል፤ የታሰረ ከሆነ ዞሮ ወደ እናንተ ይመጣል።

አምስተኛ፦ ስለት። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ከሱቅ የመጣ ገጀራ የተሳለ አይደለም! የፋብሪካው አፍ ለማጓጓዣ የተተወ ደነዝ ጠርዝ ነው። ሰው ይገዛዋል፣ እንዳለ ማሳ ይዞት ይወርዳል፣ አይቆርጥለትም፤ "ቀላል ስለሆነ ነው" ይልና ተመልሶ ከባድ ይገዛል። ጥፋቱ የማን ነው? የሞረዱ ነው፤ አልተነካማ!

የሚያስፈልገው 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ሞረድ ነው፤ ጥርሱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሰመረው ይሻላል። ገጀራውን ሞርሳ ላይ እሰሩት፤ ሞርሳ ከሌለ ጉማጅ ላይ አጋድማችሁ አፉን ወደ ውጭ አድርጉና በጉልበታችሁ ተጭናችሁ ያዙት። ጓንት ይኑር። አሁን ማዕዘኑ። ይህችን ወረቀት እዩ። ጥጓ 90 ዲግሪ ነው። አንድ ጊዜ ሳጥፋት 45 ሆነች። ደግሜ ሳጥፋት 22 ተኩል። በቃ፣ ይህች ናት! ሞረዱ ከብረቱ ጎን በዚህች ወረቀት ያህል ይነሣ። ከዚህ ካነሰ ስለቱ ስስ ሆኖ ክትክታ ላይ ይጠቀለላል፤ ከ30 ካለፈ የወፍ ቆሎን ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ሞረዱን ወደ ፊት ብቻ ግፉ፤ ሲመለስ አንሡት። ወዲያና ወዲህ ማሸት የሞረዱን ጥርስ ይገድላል። ጥርሱ መሃል ብረት እንዳይታፈን አስቀድማችሁ ጠመኔ እሹበት። ከእጀታው ጀምራችሁ እስከ ጫፉ አንዱን ጎን ጨርሱ። መጨረሱን በምን ታውቃላችሁ? በሌላኛው ጎን ጣታችሁን ከጀርባ ወደ አፍ ስባችሁ ስትዳብሱ የሚቆነጥጥ ስስ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ይሰማችኋል። አንድ ቦታ ካልተሰማ እዚያ አልደረሳችሁም። ከዚያ ገልብጡና ሌላውን ጎን እንዲሁ። በመጨረሻ ሞረዱን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት፤ ይህች ትንሽ ጠርዝ ስለቱ ቶሎ እንዳይታጠፍ ትይዘዋለች። የቀረውን ቁንጥጫ መሳያ ድንጋይ ያወርደዋል። የመጀመሪያው ስለት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ አምስት ስድስት ጊዜ መግፋት ይበቃል፤ ሞረዱ ኪሳችሁ ይኑር።

አሁን ይህን ገጀራ አፉን ወደ ፀሐይ አድርጌ ይዤዋለሁ። ወደ ፊት ያላችሁ እዩት። እዚህ መሃሉ ላይ እንደ ነጭ ክር የሚያበራ ነገር ይታያችኋል? የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም፤ ለብርሃን የሚሆን ስፋት የለውም። የሚያበራው የደነዘው ነው። ድንጋይ የመታባት ቦታ ናት። ለሞረዱ የት እንደሚሄድ የምትነግረው ያቺ ነጭ ክር ናት፤ ስትጠፋ ስለቱ አለቀ።

ከተሸረፈስ? ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ሸርፍ ከሆነ በአንድ ቀን አጠፋዋለሁ ብላችሁ ሙሉውን አፍ አትብሉት፤ በየስለቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ግራይንደር አምጥቶ መሳል ፈጣን ነው፣ አደጋውም ፈጣን ነው። አፉ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ግራጫ ከዞረ ጥንካሬው ሄዷል፤ ባለእጁ በፍምና በዘይት የሰጠውን እናንተ በሁለት ደቂቃ ወሰዳችሁበት። የግድ ከሆነ በባዶ እጅ መያዝ እስኪያቅት ሳይሞቅ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ይሁን።

እሺ፣ ገጀራው ተመረጠ፣ ተሳለ። አጠቃቀሙ ላይ የሚያስፈልገውን ያህል ልበል። ከጎናችሁ ካለ ሰው ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቁ። ከመምታታችሁ በፊት በዱላ ቁጥቋጦውን አንቀሳቅሱት፤ እባብም ይኑር ድንጋይም ይኑር አስቀድሞ ይታወቅ። በግራ እጃችሁ ባላ ይኑር፤ የወፍ ቆሎውን በባላው ገፍታችሁ ወጥሩት፣ ከዚያ የተወጠረውን ምቱ። የተወጠረ ግንድ አይሸሽም። ምቱ ወደ 45 ዲግሪ ያጋደለ ይሁን፤ በቀጥታ አግድም የመታ ብረት ይነጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። እንዲህ አጋድሎ የተቆረጠ ጉቶ እንደ ጦር ይሾላል። እረኛ ልጅ ይረግጠዋል፣ ፍየል ይወጋል፣ ሸራ ጫማ ይበሳል። ስለዚህ ከላይ አጋድላችሁ ከቀነሳችሁ በኋላ ጉቶውን ከመሬት ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡት፣ ወይም በዶማ ከነሥሩ አውጡት። የወፍ ቆሎ ደግሞ ከነሥሩ ካልወጣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ፍሬውን ወፍ ነው የሚያሠራጨው፤ ፍሬ ሳይዝ ቁረጡት፤ መሬቱ ዝናብ ሲጠጣ ሥሩ ይለቃል፣ ያን ጊዜ ዶማውን አምጡ። ቅጠሉን ለከብት አትስጡ፤ ደርቆም መርዝ ነው፣ ጉበት ይጎዳል።

ማገዶ ስትከትፉ ጉማጅ ላይ ይሁን። መሬታችን ጭንጫ ነው፤ አንድ ድንጋይ የግማሽ ሰዓት ስለት ይወስዳል። ወፈር ያለውን በአንድ ቦታ ደጋግማችሁ አትምቱ፤ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ አጋድማችሁ አፉ የተከፈተ ሸለቆ አውጡለት፣ የሸለቆው ስፋት የእንጨቱን ውፍረት ያህል ይሁን። መፍለጥ ከሆነ አፉን የእንጨቱ ራስ ላይ አስቀምጡና ጀርባውን በእንጨት መዶሻ ምቱ፤ በድንጋይ ወይም በብረት መዶሻ መቼም አይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዲህ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። አንጓ ያለበትን ተዉት።

ሲመሽ ሙጫውን በላምባ ጨርቅ ጥረጉ፣ ብረቱን በስሱ ዘይት ቀቡ፣ እጀታውን በዓመት አንድ ሁለቴ የተልባ ዘይት አጠጡት። አፎት ከአሮጌ ጀሪካን ቆርጦ ማጠፍ ይቻላል። የቆዳ አፎት ያምራል፣ ግን እርጥበት ይይዛል፤ ገጀራውን ውስጡ አታሳድሩ። ከተማ ስትገቡና መኪና ስትሳፈሩ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ታስሮ ይሁን።

ጥያቄ ያላችሁ? እሺ እማማ፣ ይናገሩ። ለእርስዎ ዕድሜ የሚሆን አለ ወይ ነው? አለ እማማ። ርዝመቱ 35፣ ስፋቱ 4 ተኩል፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ያሠሩ፤ ከነእጀታው 360 ግራም ገደማ ነው። ለጭራሮና ለአጥር ቅርንጫፍ ይበቃዎታል። ስለቱን ግን ልጆቹ በየሳምንቱ ይሳሉልዎ፤ ቀላል ገጀራ ደንዞ ጉልበት ከጠየቀ ቀላልነቱ ምን ሊረባዎት?

ከኋላ ያልከው ወንድሜ፦ ከባዱን ገጀራ ገዝቻለሁ፣ ምን ላድርገው? አትጣለው። ቀጥቃጩ ጋ ውሰደው፤ ከመሃል ወደ ጫፍ ያለውን ያሳሳልህ። ርዝመቱም ከ45 ካለፈ ከጫፉ ይቁረጥልህ። በእሳት ከነካው ግን ደግሞ መንከርና መልሶ ማሞቅ እንዳለበት አስታውሰው።

ቡናው ደርሷል። ሞረድ ያመጣችሁ ገጀራችሁን ይዛችሁ ወደዚህ ቅረቡ፤ ወረቀት አለ፣ ጠመኔ አለ። አፉን ወደ ፀሐይ ያዙና ከነጩ ክር ጀምሩ።